ባዶ ነው ያልኩት ሜዳ

ጡረታ የወጣሁት ባለፈው ዓመት ነው። በሽኝቱ ጋቢ አለበሱኝ፣ አንድ ኃላፊ የአባቴን ስም አሳስቶ ንግግር አደረገ፣ ኬክ ተቆረሰ፤ እኔም በቃ ተገላገልኩ ብዬ ቤቴ ገባሁ። አልተገላገልኩም። ሥራው ቢለቀኝ ጥናቴ አልለቅ አለኝ። በየጊዜው አንድ የማስተርስ ተማሪ ይደውላል። "ጋሼ፣ የመመረቂያ ጽሑፍዎን ሶፍት ኮፒ ቢልኩልኝ" ይላል። ባለፈው ሳምንት የደወለችው ልጅማ ጭራሽ "የእርስዎ ጥናት እኮ ለእኛ ሞዴል ነው" አለችኝ። ሞዴል! ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት። ወዲያው ጸጸተኝና መልሼ ደወልኩ፤ የሰው ልጅ ምን አጠፋች? ፋይሉንም ልኬላታለሁ። ግን ከፋይሉ ጋር አብሮ መነበብ ያለበትን ነገር እዚህ እጽፋለሁ። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ሞጣ የሚገኝ አንድ ሜዳ "አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው" የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስጽፈውም እውነት እንዳልሆነ አውቅ ነበር።

ሥራ የጀመርኩት ቢቸና ነው፣ በረዳት ቀያሽነት። አለቃዬ ጋሽ ደምለው ይባሉ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ጫማቸው ጭቃ የማይለየው ሰው። ትምህርታቸው የጥቂት ወራት የቅየሳ ኮርስ ነው። ከዚያ በፊት ቅኔ ቤት ቆይተዋል ይባላል፤ ስለዚያ ሲጠየቁ ግን "ተውኝ እባካችሁ፣ ከዚያ የተረፈኝ ትዕግሥት ብቻ ነው" ይሉ ነበር። ትዕግሥታቸው ደግሞ የእኔን ትዕግሥት የሚጨርስ ዓይነት ነው። የሚለካው ቦታ ደርሰን የመለኪያ መሣሪያውን፣ ቴዎዶላይቱን፣ ከሳጥኑ ላወጣ ስል "ተወው፣ መጀመሪያ ቁጭ በል" ይላሉ። ድንጋይ ይፈልጋሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው ይቆረጥማሉ። አንድ ሰዓት ያልፋል፣ ሁለት ሰዓት ያልፋል። እኔ በንዴት እጨሳለሁ።

"ጋሼ፣ ምን እየጠበቅን ነው?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"የሚጠይቀንን።"

"ማን ነው የሚጠይቀን?"

"ማን እንደሆነማ ባውቅ ቤቱ ሄጄ አላናግረውም ነበር? መሬት ባለቤቱ ብዙ ነው። ካርታው ላይ የሰፈረው አንዱ ነው። የቀሩት መጥተው 'ምን ትሠራላችሁ እዚህ?' ይሉሃል። ያን ጊዜ አንተ አፍህን ዘግተህ እነሱን ማስወራት ነው።"

በዚያው ሰሞን ወደ ከብት ገበያው የሚወስድ መንገድ ልናወጣ ነበር። ጠላ ልትሸጥ እንስራ የተሸከመች ሴት መጣችና እንደ ተባለው "ምን ትሠራላችሁ?" አለች። ጋሽ ደምለው መልስ አልሰጡም፤ "የት ብናደርገው ይሻላል ትያለሽ?" አሏት። "እኔ ምን አውቄ፣ ብቻ ክረምት ክረምት እዚህ በሬ ይሰጥማል" ብላ መንገዷን ቀጠለች። መስመሩን ዐሥራ ሁለት እርምጃ ያህል ወደ ዳገቱ አዞርነው። እኔ ለአንዲት ጠላ ሻጭ ብለን የሁለት ቀን ልኬት ጣልን ብዬ ሳጉረመርም ሰነበትኩ። ሐምሌ ላይ ሄጄ ሳየው የድሮው መስመር ላይ ውሃው ጉልበት ይደርሳል። እሳቸው አንድም ቀን "አላልኩህም?" አላሉኝም፤ ይህም ራሱ ያናድደኝ ነበር።

ችካል ማንንም አያስመቱም፤ ራሳቸው ይመታሉ፣ ከዚያ ይዘው ይነቀንቁታል፣ ከተወዛወዘ ነቅለው እንደገና። የመስክ ደብተራቸው ደግሞ ጉድ ነበር። ከእያንዳንዱ ርዝመት ጎን የጠያቂውን ስም በእርሳስ ይጽፋሉ። ሠላሳ አራት ሜትር ከሃያ፣ ወይዘሮ እናኑ። ሃምሳ አንድ ሜትር፣ ቄስ መንግሥቱ። አለቆች ደብተሩን ሲያዩ "ይኼ ቅየሳ ነው ወይስ የእድር መዝገብ?" እያሉ ይስቁ ነበር። እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

ከቢቸና ወደ ሞጣ የተዛወርኩት በዕድገት ነው ተብሎ ነው። ደመወዙን አላነሣም፣ ለማንሣትም አይመችም። የሞጣ ዘመኔን ባጭሩ ልናገር ካልኩ አንድ መንታ መንገድ ስስል ኖርኩ ማለት ይበቃል። የመጀመሪያው አለቃዬ አደባባይ ይወዳል፤ ፕላን ባየ ቁጥር "እዚህ ጋ ክብ ነገር አድርግበት" ይላል። አደረግኩበት። ተከታዩ ክብ ነገር ይጠላል፤ "መኪናው ለምን ይዞራል?" አለ። አጠፋሁት። ሦስተኛው ሐውልት ፈለገ፤ የማን ሐውልት እንደሆነ ግን እስኪዛወር ድረስ አልወሰነም። የፕላን ማተሚያው የፕሎተሩ ቀለም ሲያልቅ የሚጻፈው ደብዳቤ ከፕላኑ ይበልጥ ነበር።

በዚህ ሁሉ መሀል እኔ ከምኖርበት ሰፈር ጫፍ ያ ሜዳ ነበር። ሣሩ የተጋጠ፣ ዳር ዳሩን ጥቂት ወይራዎች ያሉበት፣ በአራት በኩል መግቢያ ያለው ሜዳ። ሰፈሩ የለቅሶ ሜዳ ይለዋል። ሰው ሲሞት የእድሩ ጡሩንባ ይነፋል፣ ድንኳኑ እዚያ ይተከላል። ከገጠር የሚመጣው ዘመድ በየቀዬው ተሰብስቦ በየመጣበት አቅጣጫ ይደርሳል። አንድ ቀዬ ሲደርስ ዘው ብሎ አይገባም። ሜዳው ዳር ቆሞ ወደ ኋላ የቀረውን ይጠብቃል፣ ነጠላውን ያዘቀዝቃል፣ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያለቀሰ ይገባል። ሐዘንተኛው ከሩቅ ያየውና ተነሥቶ እያለቀሰ ወደ እሱ ይሄዳል፤ መሀል ላይ ይገናኛሉ። ለቅሶ ማለት ያ መሀል ላይ መገናኘቱ ነው። ቀን ሙሉ በእግሩ መጥቶ የሚቀበለው ያጣ ሰው ይቀየማል፤ ቂሙም ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ለቅሶ ሲደርሱ በዚያው ሜዳ ነበር የሚገቡት። እኔም ስንት ጊዜ አልቅሼበታለሁ። ይህን ማስመር የምፈልገው አላወቅኩም ነበር ብዬ እንዳላመልጥ ነው።

ዕድሜዬ ካርባ ካለፈ በኋላ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ባለሙያ ይኑር የሚል መመሪያ መጣ፤ ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ። አዲስ አበባ ገባሁ፣ አርባን ዲዛይን የሚሉትን የከተማ ንድፍ ልማር። የክፍሉ ልጆች ልጆቼን ያህላሉ፤ "ፋዘር" ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር ትምህርቱን ወደድኩት። ጠባብ መንገድ ለምን እንደሚያሳቅቅ፣ ሰው ለምን መሀሉን ትቶ ጥግ ጥጉን እንደሚቀመጥ፣ ከአንድ ደጃፍ እስከ ሌላው ስንት እርምጃ ሲሆን ጎረቤት ከጎረቤት እንደሚተያይ፤ ዕድሜ ልኬን ሳየው የኖርኩት ነገር ስም እንዳለው ያወቅኩት እዚያ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ከልጆቹ እኩል አምሽቼ ሞዴል ቆርጫለሁ፤ ጣቴም ተቆርጧል። ኮምፒውተሩ ግን አስለቀሰኝ። የጠፋብኝን ፋይል ብዛት እግዜር ያውቀዋል።

ለመመረቂያዬ ሞጣን መረጥኩ። የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ብዬ፣ ያንኑ የሰፈሬን ሜዳ። አማካሪዬ ደግ ሰው ነበሩ። "ቦታውን አውቀዋለሁ ማለት አይበቃም፣ በቁጥር አሳየኝ" አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ሳይንሱ የሚለው እንደዚያው ነው። ሰባት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ በሜዳው የሚያልፈውን፣ የሚቆመውን፣ የሚቀመጠውን፣ የሚጫወተውን በቅጽ ላይ መቁጠር ነበረብኝ።

ሰኞ ጀመርኩ። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ የእድሩ ዳኛ አያ ይርዳው ከዘራቸውን ይዘው መጡና አጠገቤ ቆሙ።

"ምን ትሠራለህ እዚህ ተቀምጠህ?"

"ሰው እየቆጠርኩ ነው፣ አያ ይርዳው።"

"ለምን?"

"ለትምህርቴ ነው። በሜዳው ስንት ሰው እንደሚጠቀም ለማወቅ።"

"ሰው አይቆጠርም፣ ልጄ። ጥሩ አይደለም" አሉና ጥቂት ቆዩ። ሌላ የሚሉት ነገር እንደነበራቸው አሁን ይገባኛል። እኔ ግን ዐይኔ ቅጹ ላይ ነበር። ቀና ሳልልላቸው ሄዱ። ቅጹ ላይ ምን ብዬ እንደሞላኋቸው ልንገራችሁ? "ቆሞ የሚያወራ፣ ወንድ፣ አረጋዊ፣ አንድ።"

ሐሙስ ማለዳ ጡሩንባ ተነፋ። የአያ ይርዳው እናት አርፈው ነበር። ሜዳው እስከ እኩለ ቀን ጢም አለ። ከገጠር ቀዬ በቀዬ ይጎርፋል፤ አንዱ ተቀብሎ ሳይጨርስ ሌላው ከወይራዎቹ ሥር ተራ ይጠብቃል። ቅጹን አጥፌ ኪሴ ከተትኩትና ጋቢዬን አዘቅዝቄ ገባሁ። ታዲያ ምን ላድርግ? እናቱ የሞተችበት ሰው እያየኝ ጥግ ይዤ አንድ ሁለት ልበል? ያገኘኝ ሁሉ በረገመኝ፣ ሲያንሰኝም ነበር። አለቀስኩ። ማልቀሴ ልክ ነበር፤ ዛሬም ልክ ነው እላለሁ።

ጥፋቱ የተሠራው በማግስቱ ነው። ቅጹን አውጥቼ በሐሙስ ትይዩ "በለቅሶ ምክንያት መረጃ አልተሰበሰበም" ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ ዘንድ ስቀርብ "ያልተለመደ ቀን ከሆነ ከስሌቱ አውጣው" አሉኝ። እሳቸው የማያውቁት ሰፈር ነው፤ የነገርኳቸውን ነው የሰሙት። አወጣሁት። የቀሩት ስድስት ቀናት ሲደመሩና ሲካፈሉ ሜዳው የጥቂት አላፊ አግዳሚ መሻገሪያ ሆኖ ቁጭ አለ። አንድ አንቀጽ ብጨምር ምን ነበረበት? አልጨመርኩም። ለቅሶው ቁጥር የለውም፤ ቁጥር ከሌለው ሠንጠረዡ ውስጥ አይገባም፤ ሠንጠረዡ ውስጥ ያልገባ ነገር ደግሞ ጽሑፌን ፈታኞች ፊት በምከላከልበት ቀን ጥያቄ ያመጣብኛል ብዬ ፈራሁ። ይኼው ነው ምክንያቴ፣ ሌላ የለኝም።

ከዚያ ጽሑፉን በሥዕል አስጌጥኩት። ሜዳው ዙሪያ በረንዳ ያላቸው ሱቆች፣ መሀል ላይ አግዳሚ ወንበርና የአበባ መደብ ያለው ትንሽ ፕላዛ። "ሰው ጨምርበት፣ ሕይወት ይኑረው" ተባልኩ። በኮምፒውተሩ የሥዕል ፕሮግራም ውስጥ ከተቀመጡት የሰው ምስሎች ጋቢ የለበሰ ፈልጌ አጣሁ። ያሉት ቁምጣ የለበሰ ብስክሌተኛና ጥቁር መነጽር አድርጋ ውሻዋን በገመድ የምታንሸራሽር ፈረንጅ ናቸው። እሷን ወይራዎቹ አጠገብ አቆምኳት። ጸደቀልኝ፣ ኤክሰለንት። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው እንደኔ ላለው ነው።

ወደ ሞጣ ስመለስ ቢቸና ወርጄ ጥራዙን ለጋሽ ደምለው አሳየኋቸው። ያኔ ጡረታ ወጥተው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ሥዕል ሥዕሉን አዩ። መነጽራቸውን ወልውለው ፈረንጇ ላይ ቆዩ።

"ይችን ሴትዮ አውቃት ይሆን?"

"ለማሳያ ነው፣ ጋሼ።"

"ውሻዋስ?"

"እሱም ለማሳያ ነው።"

ገጹን ሲገልጡ ሠንጠረዡ ወጣ፤ ሰባት ቀን ቁጭ ብዬ እንደቆጠርኩ ነገርኳቸው። "ሰባት ቀን ተቀመጥኩ ነው የምትለው? ማን ጠየቀህ?"

"የእድሩ ዳኛ ጠይቀውኝ ነበር።"

"ስማቸውን የት ጻፍከው?"

ጋሽ ደምለው ጥራዙን በሁለት እጃቸው መለሱልኝና "ጥረዛው ያምራል" አሉ። ከዚያ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። አውቶቡስ ላይ ተሳፍሬ ሞጣ እስክገባ ድረስ በእሳቸው ስናደድ ነበር፤ ያልተማረ ሰው ምን ያውቃል እያልኩ።

ዓመታት አለፉና ሰፈሩ በአዲስ ፕላን ሊለማ ሆነ። ለዚያ ሜዳ ተጠንቶ የተቀመጠ ነገር ሲፈለግ የእኔው ወረቀት ተገኘ። የሠሩት ሰዎች አላጠፉም፤ ወረቀቱ ያለውን ነው የተከተሉት። ነዋሪው ለውይይት ሲጠራ እኔም ሄድኩ። ሳሙኤል የሚባል ወጣት ባለሙያ ከጥናቴ እየተረጎመ አነበበ። ሥራውን የሚወድ፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ እንዴት እንደሚለካና እንደሚቆጠር ያሳየሁት ራሴ ነኝ። "ሜዳው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው" ሲል አዳራሹ አጉረመረመ። እጄን አወጣሁ።

"ያ ጥናት ስሕተት ነው" አልኩ።

"የማን ጥናት ነው?" አለ ስብሰባውን የሚመራው።

"የእኔ።"

ሰው ሳቀ። ሳሙኤል አፍሮልኝ አቀረቀረ። "ኢንጂነር፣ ሌላ ዳታ ካለዎት እኮ እንቀበላለን" አለኝ።

"በዚያ ሳምንት ሐሙስ ሜዳው ሞልቶ ነበር።"

"ስንት ሰው ነበር?"

"አልቆጠርኩም።"

"ታዲያ ምን ብለን እንያዘው?"

አልፈረድኩበትም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ እጠይቃለሁ። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም። ከኋላ አያ ይርዳው ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ወረቀቱ ውስጥ ያለውን በአማርኛ የሰሙት ገና ያን ዕለት ነበር። ፊታቸውን ወደ መድረኩ ሳይሆን ወደ እኔ አዞሩ።

"እናቴን የቀበርን ዕለት አብረኸኝ አልነበርክም?"

"ነበርኩ።"

"አላለቀስክም?"

"አልቅሻለሁ፣ አያ ይርዳው።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ሰው ምነው ሳትጽፈው ቀረህ?"

"ያልተለመደ ቀን ነው ተብሎ ነው።"

"ሞት ነው እንዴ ያልተለመደው?" አሉ።

የሚስቅ ጠፋ። መልሴንም ሳይጠብቁ ተቀመጡ። ስብሰባው በሌላ አጀንዳ ቀጠለና ፕላኑ እንዳለ አለፈ። ቤቴ ሄጄ ለዩኒቨርሲቲው አንድ ገጽ ይጨመርልኝ ብዬ ጻፍኩ፤ የጸደቀ ጽሑፍ አይነካም ተባልኩ። ሁለተኛም ጻፍኩ። ለሁለተኛው መልስም አልመጣልኝም።

ሱቆቹ ተሠሩ። በረንዳ አላቸው፣ እንደ ሣልኩት። ፕላዛውም አለ፣ ወንበሩም አለ፣ ጠዋት ጠዋት ባጃጅ ይቆምበታል። ወይራዎቹ የሉም። ከዚያ በኋላ በተደረገው የመጀመሪያ ለቅሶ ድንኳኑ ለብቻው መንገድ ዳር ተተከለ። በሱቆቹ ጀርባ የመጣው የአንድ ቀዬ ሰው ሐዘንተኛውን የሚያይበት አጥቶ፣ ፊቱን ወደ ተዘጋ የሱቅ በር አድርጎ አለቀሰ፣ ጥቂት ቆመና ተመለሰ። "መጥተን ዞር ብሎ ያየን የለም" አሉ። ሁለቱ ቤተሰቦች ዛሬም አይጠያየቁም። እንግዲህ በመሥሪያ ቤት በኩል የምጠግነው ነገር ስላልነበረኝ ጡሩንባ በተነፋ ቁጥር ሄጄ የሱቆቹ ማዕዘን ላይ እቆማለሁ። የመጣውን ሰው ወደ ድንኳኑ እመራለሁ፣ ሐዘንተኛውንም "እነ እገሌ መጡ" ብዬ አስነሣለሁ። ሁሉም ጋ ግን አልደርስም፤ መግቢያው አራት ነው፣ እኔ አንድ ነኝ።

ዘንድሮ ያረፉት አያ ይርዳው ራሳቸው ናቸው። እንደ ልማዴ ማዕዘኑ ላይ ቆሜያለሁ። ከቆላው በኩል ብዙ ሆነው መጡ፣ ከፊት አንድ ሽማግሌ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለማልቀስ ተዘጋጅተው ቆሙና ወዲያ ወዲህ አዩ። ሱቅ ነው፣ ባጃጅ ነው፣ አንድ ቦታ የተሰቀለ የሞባይል ማስታወቂያ ነው።

"ወንድሜ፣ እዚህ ሜዳ አልነበረም?" አሉኝ።

"ነበር።"

"ማን ወሰደው?"

"እኔ" አልኳቸው።

አስተውለው አዩኝ። ዐይኔ ላይ ያዩትን አላውቅም፤ ሐዘኑ ያናወዘው የሟች ወንድም መሰልኳቸው። ሁለት እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉና ማልቀስ ጀመሩ። ከኋላቸው ቀዬው በሙሉ አብሮ አለቀሰ። ወንድሙ አይደለሁም ልላቸው አልቻልኩም። ቆሜ ተቀበልኳቸው።